ቡልጋሪያ የሚያደርስ ሰገራ

የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ቆቡን ገልብጦ ዕጣ አወጣ። ዕጣው ለሦስት ወር ቡልጋሪያ ሄዶ ኮክ የሚለቅም አንድ ወጣት ለመምረጥ ነው። ልምድ አይጠየቅም፤ ሁለት ክንድና የማይንቀጠቀጥ ጉልበት ካለ ይበቃል ተብሏል። ስድሳ አራት ሰው ተመዝግቧል፤ ከመካከላቸው ሥራ ይዞ የሚያውቅ ሦስት ቢገኝ ነው።

ዕጣው ለሣህሉ ወጣ። ተጠባባቂ ደግሞ አካሉ ሆነ። ተጠባባቂ መሆን ማለት ድግስ ቤት ደጃፍ ቆሞ የወጥ ሽታ መቁጠር ነው።

ቡልጋሪያን ለባሕር ዳር ያስተዋወቀ እኮ አካሉ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጀምሮ አንዴም አልጨረሰም፤ ነገር ግን ካርታ ላይ ጣቱ ያረፈበትን አገር ሁሉ ኖሮበት እንደመጣ ያወራዋል። የቡልጋሪያ ኮክ የጥጃ ራስ ያህላል፤ ሁለት ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ያወርደዋል፣ ሁለት ሰው ከታች አንሶላ ዘርግቶ ይቀበለዋል፤ ዓምና አንዱ ፍሬ አምልጦ ሦስት ላም ገደለ። ይህ ሁሉ ሲወራ ሣህሉ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር። አሁን ሰሚው ሊሄድ፣ አውሪው ሊቀር ሆነ።

ክፋቱ ደግሞ ሣህሉ የሚጠላ ሰው አይደለም። የቄስ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። ሰፈሩ ኮት አዋሰው፣ ጫማ አዋሰው። በአካሉ ወሬ ሆዷን ይዛ የምትስቀው ሙሉነሽ እንኳ «ለብርዱ» ብላ ሰማያዊ ሹራብ ሠራችለት። አካሉ ያን ሹራብ ባየ ቁጥር አንገቱ ላይ የሚበላው ይመስለዋል። እናቱ እማማ እናትዓለም ጭምር «አየህ፣ ዝም ያለ ሰው እግዜር ያየዋል» ሲሉት እህል አስጠሉት።

ከጉዞው በፊት ግን የሰገራ ምርመራ ነበረ። ከሐይቅ ውኃ የሚይዘው ቢልሃርዚያ የተገኘበት አይሄድም። ጣና ዳር ላደገ ልጅ ይህ፣ ዓሣን እርጥብ ከሆንህ አትለፍ እንደማለት ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ሣህሉ መጣ።

«አካሉ፣ ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። አትስቅብኝ።»

«ስቄብህ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ።» ከኪሱ ባዶ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤ በዚያ ዘመን ሰገራ ለምርመራ የሚወሰደው በክብሪት ቀፎ ነው። «እኔ ከልጅነቴ ሽምብጥ ዳር ስዋኝ ነው ያደግሁ። አንተ ጉማሬ ካሳደደህ ወዲህ አምስት ዓመት ሐይቅ አልገባህም አይደል? ያንተን ስጠኝ።»

ጉማሬው የአካሉ ፈጠራ ነበር። ሐይቁንም በየማታው ይገባበታል። ሆዱ ከፋሲካ ጀምሮ ይቆርጠዋል፣ ደምም አይቷል። እንግዲህ ይህ ቀፎ ከተሰጠ ሣህሉ ይወድቃል፣ ተጠባባቂው ይነሣል። የራሱን ምርመራ ያን ጊዜ ያስብበታል፤ ከሐይቅ ርቃ የምትኖር አክስት አንበሳሜ ከተማ አለችለት፣ የእሷን ይሰጣል።

«ለወንድሜ ይሄ ምን አላት!» ብሎ ሮጠ። ቀፎውን እስከ አፉ ሞልቶ፣ በክር አስሮ፣ ፈገግ እያለ አመጣለት።

ዓርብ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሣህሉ ነፃ ነው ይላል።

አካሉ መጀመሪያ ደስ አለው። ጤነኛ ነኝ ማለት ነው! ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ግን ደሙ ፈላ። የገዛ ሆዱ ከድቶት ሌላ ሰው ቡልጋሪያ ሊያደርስ ነው። እየሮጠ ክሊኒክ ገባ።

«ሲስተር፣ ያ የሣህሉ የተባለው የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ሰገራው።»

ሲስተር ፅጌ ማርያም ከማይክሮስኮፑ ቀና አለች። «አካሉ፣ ከጉማሬ ወደዚህ ወረድህ?»

«አባቴ ይሙት!»

«አባትህ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው። በል፣ ለተጠባባቂም ምርመራ አለ። ቀፎ ይኸውልህ።»

ኩራቱ አንበሳሜን አስረሳውና የራሱን ሰጠ። ሲስተር አየች፣ ደግማ አየች፣ እሱንም ጠርታ አሳየችው።

«የትሉን እንቁላል አየኸው? የሣህሉ ንጹሕ ነው። ይሄ ያንተው ግን የእንቁላል መንደር ነው። እንዴት የአንድ ሰው ይሆናሉ?»

ወሬው ጓድ ደሞዝ ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። «ጓዱን በሐሰት ወነጀለ» ተብሎ አካሉ ከተጠባባቂነት ተሰረዘ፤ በቦታው ቢያዝን የሚባል ልጅ ገባ።

የጉዞው ዕለት ሰፈሩ አውቶቡሱን ከቦ ሲያሰናብት ሣህሉ አካሉን ለብቻው ሳበው።

«ሲስተር ዘንድ ያልኸውን ሰማሁ።»

አካሉ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ታዲያ ያ ንጹሑ የማን ነበር?» አለ።

«የራሴ።»

«የኔስ?»

«ጣልሁት። አንተ ሳሙና ለምኜህ ሰጥተኸኝ አታውቅም። ያን እየሮጥህ ስታመጣልኝ ጊዜ ፈራሁ። ከወደቅሁም በራሴ ልውደቅ አልሁ።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጠርጥሬህ ቢሆንስ፣ በከንቱ? ወንድሜ ነህ አልሁ።» ኮቱን አስተካከለ። «መድኃኒቱን ዋጠው። ይመራል አሉ።»

ተሳፈረ። አውቶቡሱ በአቧራ ተሸፍኖ ሲርቅ ሙሉነሽ አካሉ አጠገብ ቆማ እጇን ታውለበልባለች።

«ቡልጋሪያ ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለችው።

አካሉ ዓይኑን ከአቧራው አላነሣም።

«አላውቅም» አላት።