የአሰልቺ ደዋዮች ዝርዝር

ሃያ አንድ ዓመት የድንገተኛ ጥሪ ተቀባይ ሆኜ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ቤቱ ሲቃጠል አድራሻው እንደሚጠፋው ነው። የልጁን ዕድሜ፣ የሚስቱን በሽታ፣ የአከራዩን ክፋት ሁሉ ይነግራችኋል፤ የት እንዳለ ግን አይነግራችሁም። "ቶሎ ኑ!" ይላል። የት ነው የምንመጣው? "እዚህ ነዋ!" እዚህ! እኔ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሁለት ስክሪን ፊቴ ገትሬ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ስለዚህ ስልክ ሳነሳ ከሰላምታ በፊት "የት ነዎት?" እላለሁ። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታውን ካወቅኩ መኪና እልካለሁ። በዚህ የተነሳ ሥራ ቦታ ስሜ "እትዬ የት" ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ይተነፍሳል? ይደማል? ያወራል? አዲስ የሚቀጠሩትን ሁሉ ይህንን እንደ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። የሚተነፍስ፣ የማይደማ፣ የሚያወራ ሰው ተራውን ይጠብቃል። ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ ያሉን አምቡላንሶች ስድስት ናቸው፣ ከስድስቱም አንዷ ሁልጊዜ ጋራዥ ናት።

የምጠላው ነገር ቢኖር አሰልቺ ደዋይ ነው። ድመቱ ጣሪያ ላይ የወጣችበት፣ ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ከባሏ ጋር ተጣልታ ምስክር የምትፈልግ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ደግሞ ገና "የት ነዎት?" ስል ጆሮዬ ላይ ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋው ነው። በሳምንት ሁለትና ሦስቴ አይቀርልኝም። እጁ ይቆረጥ እያልኩ ስረግም ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። እኔ ደግሞ ቁጣዬን አክብረው ይመስለኝ ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ መጣልን። አንድም ቀን ስልክ አንስቶ አያውቅም፤ ስለ ስልክ አነሳስ ግን ሦስት ሰርተፊኬት አለው። በስብሰባ ላይ "ሐሳብ ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ። በዓመት ከመቶ ጊዜ በላይ ያለ አደጋ የደወለ ቁጥር ይታገድ አልኩ። ሰውዬው በደስታ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ዝርዝሩን አውጥቼ እስከ ዓርብ ፈርሜ እንዳስረክብ ታዘዝኩ። የታገደ ሰው ሲደውል የሚሰማውን መልእክት እንኳ በእኔው ድምፅ ቀዱት፦ "ቁጥርዎ በተደጋጋሚ ያለ አግባብ በመደወሉ ታግዷል።" አነጋገሬ ግልጽ ነው ተብሎ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዝርዝሩን አተምኩ። አሥራ አራት ቁጥር ነበር። የመጀመሪያው አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ደውሏል። "ይሄ ደግሞ የማን ሥራ ፈት ነው!" ብዬ እስኪብርቶዬን አነሳሁና ቁጥሩን አየሁት። የሰው ስልክ በቃል መያዝ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ይህንን ግን ከእንቅልፌ ቢቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። የአባቴ ነው።

ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባችን ድሮ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሬዲዮ ኦፕሬተር ስለነበር ሻምበል እንለዋለን። ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘረጋሁት። አየውና ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

"ታውቅ ነበር?"

"ሁላችንም እናውቃለን።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እናትሽ ካረፉ ወዲህ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳልሰማ ኖሬያለሁ።

"ምን ይላል ደውሎ?"

"ምን ይላሉ… 'ልጄ ገብታለች?' ይላሉ። ገብታለች እንላቸዋለን። 'ቁርስ በልታለች?' ይላሉ። በልታለች እንላለን።"

"እኔ እኮ ቁርስ አልበላም!"

"እሱን ብንነግራቸው እኮ ይዘውልሽ ይመጣሉ።"

"እኔ ሳነሳስ?"

ሻምበል ወደ ስክሪኑ ዞረ። "አንቺ ስታነሺማ ይዘጉታል። ይፈሩሻል መሰለኝ።"

ይፈሩሻል! እፍረቱ ከፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ። ለምን በራሴ ስልክ አይደውልም እንዳልል፣ መልሱን አውቀዋለሁ። ሥራ ላይ ስንሆን ሞባይላችን በር ላይ ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ከሥራ ስወጣ ደግሞ የስልክ ጩኸት መስማት አልፈልግም፤ ድምፁን አጠፋውና እተኛለሁ። ባዳን በሦስተኛው ጥሪ አነሳለሁ፣ አባቴን በሦስተኛው ቀን አላነሳም።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። የልብ መድኃኒት ይወስዳል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ቁጥሩን ካገድኩት አንድ ቀን ልቡ ቀጥ ስትል ደውሎ የሚሰማው የልጁን ድምፅ ነው፤ ያውም ታግደሃል ስትለው። ካላገድኩት ደግሞ ሕግ አውጪዋ እኔ፣ ሕግ አፍራሿም እኔ። ጉድጓድ ሲምሱ አያርቁም የተባለው ይሄኔ ነው። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከቁጥሩ ጎን "ታማሚ አዛውንት፤ ጉዳዩ በምክር ተፈቷል" ብዬ ጻፍኩና ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። አሥራ ሦስቱን አሳግጄ፣ አሥራ አራተኛውን ልመክር ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ሄድኩ።

ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች መዘግየት ይመዘግባል። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ በሥራ ቀን መጥቼ አላውቅማ።

"አባዬ፣ ድንገተኛ ላይ ትደውላለህ?"

"አልፎ አልፎ።"

"አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ አልፎ አልፎ ነው?"

"ትቆጥራላችሁ እንዴ!" ደነገጠ። "ነፃ ነው ሲሉኝ እኮ ነው።"

"ለምን ለእኔ አትደውልም?"

"አታነሺማ።"

ቅያሜ የለውም አነጋገሩ። የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው ያለው። ይሄኔ ጉልበቱ ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። የወጣው ግን የሥራ ድምፄ ነው። "ይህ መስመር ለአደጋ ብቻ ነው። አንተ ስለ ቁርሴ ስትጠይቅ አንዷ ልጇ ታፍኖባት መስመር ትጠብቃለች" አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። "ልክ ነሽ። ልክ ነሽ ልጄ። እኔ መች አሰብኩት።" እስኪብርቶውን አነሳና፣ "ግን አደጋ የምትሉት የቱን ነው? ንገሪኝና ልወቀው" አለ።

ነገርኩታ! ይተነፍሳል? ይደማል? ያወራል? ሦስቱንም አውቶቡስ የሚመዘግብበት ማስታወሻው ላይ በቁጥር ጻፋቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲነዳ፣ ባዶ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንኳ ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቅ ሰው ነው። እንደ ጎበዝ ተማሪ መልሶ አነበበልኝ። "የሚተነፍስ፣ የማይደማ፣ የሚያወራ ሰው መስመር አይይዝም።"

"ማልልኝ።"

"እናትሽን!"

እኔም ከእንግዲህ ስልክህን አነሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሁለት ሳምንት አነሳሁ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ድካም መጣ፣ ነገ ነገ ማለት መጣ።

ሥራ ቦታ ግን ነገሩ ሁሉ ሰመረ። ኃላፊው በትልቅ ስክሪን ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር አሳየን፤ አሰልቺ ጥሪ በግማሽ ቀንሷል። አስጨበጨበልኝ፣ የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ። ሻምበል ብቻ አላጨበጨበም። "ስልኩ ጭር አለ" አለኝ። መስሎኝ ነበር ያሞገሰኝ።

በወሩ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ጥሪ ገባ።

"የት ነዎት?"

እንዲህ ያለች ደዋይ በዓመት አንዴ ብታጋጥመኝ ነው። ሳትጮህ መንገዱን ነገረችኝ፣ የሕንፃውን ቁጥር ነገረችኝ፤ እኔም እየተየብኩ በልቤ አመሰገንኳት። "ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ" ስትል ጣቶቼ ቆሙ።

አባቴ ቤት ሥር ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። እሷ አላወቀችኝም።

"ሱሪያቸውን አጥብቤላቸው ልሰጣቸው ብወጣ፣ ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ወድቀዋል። እግራቸውን ማንቀሳቀስ አይችሉም።"

"ይተነፍሳል?" አልኩ። አፌ ለምዶታል፤ ሌላ ቃል ከየት ይምጣ።

"ይተነፍሳሉ።"

"ይደማል?"

"ኧረ ደም የለም። ያወራሉም።"

ስክሪኑ ላይ ሦስቱን ነካሁ። አረንጓዴ መብራት በራ፦ ተራውን ይጠብቅ። ሻምበል አድራሻውን ከእኔ ስክሪን ላይ አይቶት ኖሮ አንድም ነገር ሳይጠይቅ በሬዲዮው ቅርብ ያለችውን መኪና አስነሳ።

"መቼ ነው የወደቀው?" እኔ በሃያ አንድ ዓመት ይህንን ጥያቄ ዝርዝሬ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም።

"ትናንት ጠዋት ነው ይላሉ።"

"ትናንት? ስልክ የለውም?"

"ኪሳቸው ውስጥ አለ። እኔም ምነው ለድንገተኛ ቢደውሉ ብላቸው፣ 'እተነፍሳለሁ፣ አልደማሁ፣ አወራለሁ፤ አይፈቀድልኝም' ይሉኛል። ጭንቅላታቸውን ተመትተው ይሆን እንዴ? ልጃቸው ጋ ግን ሦስቴ ደውለው አላነሳችም አሉ።"

ትናንት እረፍቴ ነበር። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ ስተኛ ውዬ ማታ ሳየው ሦስት ያልተነሳ ጥሪ አየሁ። "ነገ እደውልለታለሁ" ብዬ ገልብጬ አስቀመጥኩት። እሱ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተኝቶ ነበር።

"እባክሽ የኔ እህት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።"

ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ትንፋሹ ቅርብ ሆነ።

"አባዬ" አልኩ።

"አንቺ ነሽ እንዴ?" ድምፁ ደክሟል፣ ደንግጧልም። "ልጄ፣ እኔ አይደለሁም የደወልኩት። ተይ ብያት ነበር፣ ልብስ ሰፊዋ ናት። አደራ በእኔ እንዳትመዘግቢው።"

አልመዘግብም አልኩት፣ መኪናዋ እስክትደርስም መስመሩን ይዤ ቆየሁ።