ግማሽ ኪኒን

አጎቷ ሳህኗ ላይ ሌላ ሥጋ ጨመረ። የቀደመውን ገና አልነካችውም፤ ስቡ ረግቶ ነጭ ሆኗል። "ብዪ እንጂ፣ አንቺም ልትወድቂብን ነው?" አለና በዚያው በወዛ እጁ ጉንጯን ዳበሰ። እሷ ጉንጯ ላይ የቀረውን ቅባት ለመጥረግ ፊቱን እስኪያዞር ጠበቀች።

ሳሎኑ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ አጎቷ፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ከዚህ ቤት አልተለየም። የቧንቧ ዕቃ መደብሩን ዘግቶ ምግብ የሚያዘው እሱ፣ በር ላይ ሰው የሚቀበለው እሱ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሱም እንባ ከአንጀት ነበር። የሚያቅለሸልሻት ይኸው ነው። የውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር።

"ወንድሜን ኩላሊት አልገደለውም" አለ፣ አሁን ለገቡት ጎረቤቶች ወንበር እያቀረበ። "ከኩላሊቱ ጋርማ ተለማምደው ይኖሩ ነበር። የገደለው ያ የእብድ መድኃኒት ነው። ጤነኛውን ሰው ከፋው ብለው የአእምሮ ሐኪም ጋ ወሰዱት። ኪኒን ሰጡት፤ ወደቀ፤ ሞተ።"

ማን እንደወሰደው አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም። ሴቶቹ ቀስ ብለው ወደ እሷ አዩና መልሰው ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ። አንዷ ለሌላዋ፣ የተማረችው ናት እኮ፣ ስትል ተሰማት።

በማተሚያ ቤት እርማት አንባቢ ናት። የሰውን ስሕተት በቀይ ብዕር ገጹ ጠርዝ ላይ ማቃናት እንጂ ጮክ ብሎ መናገር ሥራዋም ጠባይዋም አይደለም። አሁን ደግሞ እናቷ ዝም በይ ብላታለች።

አባቷ መኪና መንዳት ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ "ፍሬን" ይሉታል፣ በእሱ በኩል ካለችው ትርፍ ፍሬን ላይ እግሩን ስለማያነሣ። አንዲት ተማሪ አደባባይ ላይ ደንግጣ ዓይኗን ብትጨፍን፣ "በይ እኔም ልጨፍን፤ ማን እንደሚያሻግረን እናያለን" ብሏት ሁለቱም በሳቅ መንገድ ዘግተው ነበር። ይህን ታሪክ ራት ላይ ስንቴ እንደደገመው።

ኩላሊቱ ደክሞ ደሙን በማሽን ማሳጠብ ከጀመረ በኋላ ወጉ ቀስ በቀስ አለቀ። ሬዲዮኑን ዘጋ። ጢሙን ተወው። ምግብ ስታቀርብለት ለምን ትደክሚያለሽ ይላታል። ዘመዱ ሁሉ ዕድሜው ነው፣ በሽታው ነው፣ ታዲያ ምን ያስቀዋል ይል ነበር፤ እሷም ለጥቂት ጊዜ አምናለች። አንድ ቀን ከሕክምና ሲመለሱ የታክሲው ሹፌር ቀይ መብራት ጥሶ አለፈ። አባቷ በመስኮት እያየ ነበር። ምንም አላለም። ያን ጊዜ ፈራች።

የኩላሊት ሐኪሙ ዕድሜው ነው አላሉም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ሁሉ ሕይወት ያስጠላዋል ማለት አይደለም፣ ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ ይታከማል ብለው ወደ አንዲት የአእምሮ ሐኪም ላኩት፤ ስልክ ደውለውም ስለ እሱ አወሯት። ሐኪሟ ወጣት ናት። አባቷን ብዙ አስወራችው፤ በየጊዜው እየመጣ እንዲያወራም ቀጠረችው። መድኃኒቱን ስትጽፍ እያየችው አስረዳችው።

"ለሌላው ሰው ትንሽ የሆነው ለእርስዎ ብዙ ነው። ኩላሊት ያላስወጣው መድኃኒት ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ በግማሽ ኪኒን እንጀምራለን፤ እየተያየን እንጨምራለን። ካዞረዎት፣ እንቅልፍ ከበዛብዎ ይደውሉልኝ። እኔ ሳላውቅ አይጨመርም፣ አይቋረጥም።"

"ገባኝ" አለ አባቷ። "በአንደኛ ማርሽ ነው የምንሄደው።"

ከስንት ወራት በኋላ የሰማችው የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። ከዚያም ቆይቶ፣ ጠዋት ታክሲ ውስጥ፣ "ይሄ ሰውዬ ፍሬቻ የሚባል ነገር አልተማረም እንዴ?" ብሎ በሰው ሹፌር ሲናደድ፣ እንባዋን እንዳያይባት ወደ መስኮቱ ዞራለች።

"ይጠጡ እንጂ" ሲል የአጎቷ ድምፅ መለሳት። ከቴርሞሱ ቡና እስከ ስኒው አፍ ገደፍ ሞልቶ ለአንድ ሽማግሌ እየሰጠ ነው። ሽማግሌው የፖስታ ቤት ጡረተኛ ናቸው፤ ደም በሚታጠብበት ክፍል ከአባቷ ጎን ይተኙ ነበር። አንዴ ወንበር ላይ ከተለጠፉ የሚያላቅቃቸው የለም ብለው ነርሶቹ "ቴምብር" ብለዋቸዋል። ፈሳሽ ስለተከለከሉ ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ስኒውን አስቀመጡ። አጎቷ መልሶ ሞላው።

የእሱ ነገር እንዲህ ነው። ማንም ከቤቱ ሳይጠግብ አልወጣም፤ ሲያጠግብም እምቢታ አይሰማም። ለወንድሙ ግማሽ ኪኒን መታዘዙን ሲሰማ እንደ ስድብ ቆጥሮት ነበር።

አባቷ ሊሞት ሰሞን ቀን ቀን ያንቀላፋ፣ ምላሱም ይተሳሰር ነበር። ወደ ሐኪሟ ደውላ ቀጠሮ ባስያዘችበት ሳምንት፣ መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቆ ራሱን መታ። ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰውን ደም ማቆም አልተቻለም። ለድንገተኛ ሐኪሙ ለማሳየት መድኃኒቱን ስትሰበስብ ገና ብዙ ሊቆይ የሚገባው ኪኒን አልቋል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እናቷ ነገረቻት። አጎቷ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ ይገባና፣ "ወንድሜ ግማሽ ሰው ነው በግማሽ የሚታከመው?" እያለ ሁለት ሙሉ ኪኒን በእጁ ያስውጠው ነበር።

"ታላቁ ነው" አለች እናቷ። "እጁን ልያዘው?"

የድንገተኛው ሐኪም ስንት ይወስድ ነበር ብሎ ሲጠይቅ አጎቷ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። የታዘዘለትን ነው ብሎ የመለሰው እሱ ነው። እናቷ የልጇን ክንድ ጨብጣ፣ ከእንግዲህ የቀረን ዘመድ እሱ ነው፣ ሆድ ይፍጀው ልጄ፣ አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሆዷ የሚረጋ እህል የለም።

"እኔም እኮ ያንኑ መድኃኒት ነው የምወስደው" አሉ ሽማግሌው።

ከኮታቸው ኪስ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ። ወደ ሐኪሟ ይዟቸው የሄደው አባቷ ነው። "ደህና አድርጎኝ ነበር" አሉ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። "ቴምብሩ ተላቅቆ ነበር። ልጄ ቤት ድረስ በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ።"

"ይስጡኝ፣ እኔ እጥልልዎታለሁ" አለ አጎቷ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ለወንድሜ አልደረስኩለትም፤ ለእርስዎ እንኳ ልድረስ።"

እጁን ዘረጋ። መዳፉ ሰፊ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል የሥጋው ስብ ደርቋል። ሽማግሌው ማሸጊያውን አንዴ አገላብጠው አዩትና ወደዚያ መዳፍ አስጠጉት። ከጥግ እናቷ ራሷን ነቀነቀችባት፤ ተይ ማለቷ ነው። ልጅቷ ሳህኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ይህ እጅ ሌላ ሰው ላይ ሲደርስ እያየች ዝም ካለች፣ ከእንግዲህ የራሷንም እጅ ማየት እንደማትችል ታወቃት።

"አይስጧቸው" አለች።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ስለነበር አጎቷ ምን እንዳለች ጠየቃት።

"ጋሼ፣ አባቴን የገደለው ግማሹ አይደለም። ማታ ማታ ሁለት ሙሉ ይሰጡት ነበር። ሐኪሙ ሲጠይቅ ደግሞ የታዘዘለትን ነው አሉ።"

ከወደ በሩ አንድ ሰው፣ ኧረ ተይ ልጄ፣ በለቅሶ ቤት፣ አለ። የአጎቷ እጅ ባዶ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገው።

"እንዲድንልኝ ብዬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለች። ማወቋ ማቅለሽለሹን አልቀነሰላትም።

እናቷ ተነሣች፤ ልጇን ሳታይ ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ልጅቷ ወደ ሽማግሌው ዞረች። በራሳቸው እንዳያቋርጡት፣ ከፈሩም ነገ ሐኪሟ ጋ አብረው እንደሚሄዱ ነገረቻቸው። ሽማግሌው አጎቷን አዩት፣ እሷን አዩዋት፤ ማሸጊያውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። ቡናው እንደሞላ ቀረ።

ልትሸኛቸው ወጣች። ደረጃው አፋፍ ላይ እንዳይወድቁባት ቀኝ ክንዳቸውን ያዘች። ሽማግሌው ቆሙ።

"የእኔ በዚህ ነው፣ ልጄ" አሉ በዝግታ፣ እጅጌያቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው። የማሽኑ መርፌ የሚገባበት የደም ሥር አብጦ ይታያል። ያ ክንድ አይጨበጥም፣ አይጎተትም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የአባቷ ግን በግራ ነበር። እነዚያን ዓመታት ሁሉ በቀኙ ነው የሄደችው።

ለቀቀቻቸው። ከኋላቸው ዞረችና፣ ከአባቷ ጋር አንድም ቀን በማትሄድበት ጎን ቆማ፣ ግራ ክንዳቸውን ያዘች።