በካርዱ ግርጌ የታተመው ስም

ወይ ቤዛ! ከጅጅጋ ሀርሺን ድረስ ላፕቶፕና ማተሚያ ተሸክማ የመጣችው የፍየል ክትባት ካርድ ልታትም እንጂ የሰው ዘር ልትቆጥር አልነበረም። ክትባቱ በረዶ በሞላው ሣጥን ውስጥ ነው፤ በረዶው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። ካርድ የሌለው ሰው ደግሞ ፍየሎቹ አይከተቡለትም። የጅጅጋው ቢሮ ትእዛዝ ነው።

ሽማግሌው ጉሃድ የመጀመሪያውን ካርድ ተቀብለው ግርጌውን አነበቡ።

«ይሄ ዐብዲወሊ ማነው?»

«ካርዱን የሚያትመውን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሠራው ልጅ ነው፣ አዴር» አለች ቤዛ፣ በሶማሊኛ «አጎቴ» ብላ።

«ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል። እናውቃቸዋለን! የውሃ ጉድጓዳችን በአያቱ ስም ተጽፎ ቀረ። አሁን ደግሞ ፍየላችን? አጥፊው!»

ከኋላቸው የተሰለፉት ፍየሎቻቸውን ይዘው መመለስ ጀመሩ።

ምን ታድርግ? ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ማንም ወስዶ እንደፈለገ ይለውጠዋል። ዐብዲወሊ ግን የአጠቃቀም ፈቃዱ ላይ አንዲት አንቀጽ ጨምሯል፦ በሚታተመው ወረቀት ሁሉ ላይ ስሜ ይኑር። ጅጅጋ ደወለችለት።

«ሦስት መሥሪያ ቤት ሥራዬን ወስዶ ስሜን ፍቆታል» አለ። «አንቀጹን የጨመርኩት ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ አያቴ ስላላማራቸው ልፋቅ? በፍጹም!»

ቢያናድዳትም እውነቱን ነው። ሽማግሌውም እውነታቸውን ነው። መሃል ላይ ተቀርቅራ የቀረችው እሷ ናት። አንድ መስመር መሰረዝ ይበቃል፤ ማንም አያያትም። ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ መልሳ አነሣች። የሰው ሥራ ሰርቃ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል?

«በቃ!» ብላ ላፕቶፑን ከደነችና ካርዱን በእጇ መጻፍ ጀመረች። በእጅ ለተጻፈ ወረቀት የዐብዲወሊ ስም አያስፈልግም። ሰዎቹ ተመለሱ። ሠላሳ ዘጠኝ ካርድ ጽፋ እጇ ዛለ፤ ክትባት ሰጪው ዋሪስም ካርድ የያዘውን ሁሉ ፍየሎች እየከተበ ሸኘ።

ሌላውን አስቀድመው መጨረሻ የቀረቡት ጉሃድ ናቸው። አርባኛውን ካርድ ተቀብለው ገልብጠው አዩት።

«ስም የለውም።»

«ኧረ በአላህ! አጥፊ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«የእሱን አልኩ እንጂ የማንም አይኑር አላልኩም። ፍየሌ ነገ ብትሞት ማንን ልጠይቅ? ያንቺን ጻፊ።»

ብዕሯን አነሣች፤ ስሟ ከሰፈረ ተጠያቂዋ እሷ ናትና ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

«ዋሪስ፣ የሣጥኑ ሙቀት ስንት ነው?» አለችው።

ዋሪስ ሣጥኑን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን አየና አንገቱን ደፋ። በረዶው ውሃ ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ።»

ቤዛ ወደ ጉሃድ ዞረች።

«አዴር፣ የእርስዎ ፍየሎች ዛሬ አይከተቡም። ክትባቱ ተበላሽቷል።»

«የተከተቡትስ?»

«አላውቅም። ሰዎቹን ይጥሩልኝ፤ ካርዶቹንም ይዘው ይምጡ።»

ሠላሳ ዘጠኙም ዙሪያዋን ከበው ቆሙ። የመጀመሪያውን ካርድ ተቀብላ ግርጌው ላይ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ጻፈች።