ከጀልባው የወደቀች ጉንጉን

የትነበርሽ ሮተርዳም ውስጥ የአንድ ሙዚየም ወለል ስታጸዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መርፌ እንኳ አንስታ አታውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን ጉድ ሆነች።

ሲና የምትባል ከሳሞዋ የመጣች ሠዓሊ፣ ከተቀጠቀጠ የዛፍ ልጥና ከኮኮናት ቅጠል ትልቅ ጀልባ ሠርታ፣ አዳራሹን በቁርጥራጭ ቅጠል ሞልታው ሄዳለች። «ሁሉንም ጥረጊው» አላት አለቃዋ። የትነበርሽም ጠረገች። ከጥራጊው መሀል ግን ጣት የምታህል፣ በጥንቃቄ የተጎነጎነች ቅጠል አገኘች። ቆሻሻ መስላታለች። ቢሆንም ሆሳዕና በመጣ ቁጥር ዘንባባ ጎንጉና ግንባሯ ላይ ስታስር ያደገች ሴት፣ እሷን ከሙዝ ልጣጭ ጋር እንዴት ብላ ትጥላት? እጇ እምቢ አላት። ኪሷ ከተተቻት፤ ቤቷ ስትደርስም ከማርያም ሥዕል ሥር አኖረቻት።

ማክሰኞ ሥራ ስትገባ ሲና ከጀልባው ሥር ተንበርክካ ወለሉን በእጇ ትዳብሳለች። ዓይኗ አብጧል። ሟች እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ የጎነጎነቻት ቅጠል ከጀልባው ጫፍ ወድቃ መጥፋቷን አለቃዋ ለየትነበርሽ በሹክሹክታ ነገራት። የትነበርሽ ማታ ቤቷ ስትገባ ነገሩን ለልጇ ለሳሌም አወራቻት።

«እማዬ፣ ሌባ ብለው ኦንትስላህ፣ የስንብት ደብዳቤ ነው የሚሰጡሽ። ከዚያ በኋላ ማን ይቀጥርሻል? ማንም አላየሽም፤ ዝም በይ።»

«ልጄ፣ ሴትዮዋ እኮ የምትፈልገው እናቷን ነው» አለች የትነበርሽ።

ረቡዕ ጠዋት የሥራ ልብሷንና የላስቲክ ጓንቷን እንዳደረገች፣ ጉንጉኗን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልላ ሲና ፊት ቆመች። አለቃዋም እዚያው ነበር።

«እኔ ወሰድኩት» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ቆሻሻ መሰለኝ። ግን እኛ ዘንባባ አንጥልም።» አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቃል ሲሄድ ታያት።

ሲና ጉንጉኗን ተቀብላ አየች፤ ከዚያ የትነበርሽን። ወደ አለቃው ዞራ፣ «የቅዳሜው ቆሻሻ የት ገባ?» አለችው።

«የዚያኑ ዕለት ተወስዶ ተቃጥሏል።»

ሲና የትነበርሽን አቅፋ አለቀሰች። አለቃው የቅርስ መያዣውን ነጭ ጓንት አምጥቶ ቢዘረጋላት አልተቀበለችውም። ጉንጉኗን ለየትነበርሽ መልሳ ሰጠቻትና የጀልባውን ጫፍ አሳየቻት።

የትነበርሽ የላስቲክ ጓንቷን አወለቀች። በዚያ ሙዚየም ለእይታ የቀረበ አንድም ዕቃ በባዶ እጇ ነክታ አታውቅም ነበር። ቀስ ብላ ጉንጉኗን ቦታዋ ላይ አሰረቻት።