የሰበረ ይይዛል

ጸሐይወርቅ ሥጋውን አትበላም። ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር በሚገኘው በዚህ ቤት ስድስት አረፋ አሳልፋለች፤ ስድስቱንም ጊዜ ደሙን አጥባ፣ ጉበቱን ጠብሳ፣ ለእንግዳ አቅርባ፣ እሷ ጓዳ ገብታ ፉሏን በዳቦ በልታለች። ክርስቲያን ናት፤ ሙስሊም ያረደውን አትቀምስም። የቤቱ ሰዎችም ያውቃሉ፣ ማንም አይቀየማትም። እንግዲህ ስለ በጉ ስትከራከር አንድ ቁራጭ ሥጋ እንኳ የሚደርሳት ሆና አይደለም።

የዘንድሮው በግ ከበዓሉ አራት ቀን ቀድሞ መጣና ግቢው ውስጥ ታሰረ። የቤቱ ልጅ ዳሊያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከአጎቷ ልጆች ጋር ሆና ጆሮውን ስትጎትት፣ ኳስ ስትወረውርበት፣ የውኃ ባልዲውን እያሳየች ስትነሳው ዋለች። ጸሐይወርቅ ሦስት ጊዜ ወጥታ ተቆጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ እመቤቷ ማናል፣ «ማዓሌሽ፣ ተያቸው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ለሚታረድ በግ!» አለቻት።

ነገ ለሚታረድ፣ ዛሬ ጥማት ይመረቅለት ማለት ነው? ጸሐይወርቅ ይህን በልቧ ብላ ወደ ልብስ መተኮሷ ተመለሰች። በኋላ ግን በዝምታዋ ራሷን ረገመች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው።

በበዓሉ ዋዜማ የቤቱ አባወራ ኦስማን ጾሙን ይዞ ሱቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጩኸት ተሰማ። ጸሐይወርቅ ካውያውን ጥላ ስትወጣ በጉ በረንዳው ደረጃ ሥር በጉልበቱ ወድቋል፤ የፊት ግራ እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ዳሊያ ጋልባው ከደረጃው አስዘልላዋለች። ማናል በሩ ላይ ቆማ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋለች። እየሳቀች ስትቀርጽ ነበር። የአጎት ልጆች በአጥር በር ወጥተው ጠፍተዋል፤ ዳሊያም ወደ ክፍሏ ሮጣለች።

«ስሚኝ፣ ጸሐይ» አለች ማናል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ገመዱን አሳጥሬ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሲዘል ተሰበረ በዪ። አንቺን ኦስማን ምንም አይልሽም። ልጅ ናት፤ ነገ ኢድ ነው።»

አዲስ ነገር አልጠየቀቻትም። በዚያ ቤት ስንት ብርጭቆ፣ ስንት ሽቶ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥንም ሳይቀር በጸሐይወርቅ ተላክኳል። ሠራተኛ የልጅ ጥፋት መሸፈኛ ናት፤ ይህ በካርቱም ቤቶች ሁሉ ሳይነገር የሚታወቅ ሥራ ነው።

«አልልም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልልም፣ ማዳም። ብርጭቆ ሲሰበር አያመውም፤ ለዚያ ነው እኔ ነኝ ስል የኖርኩት። ይሄን ግን ያመዋል።»

ማናል ፊቷ ተለዋወጠ። «እንግዲያው ከኢድ በኋላ ኸላስ፣ ሻንጣሽን ያዢ።»

ደብረ ታቦር ያለችው የጸሐይወርቅ እናት የምትኖረው በዚህ ሥራ ነው። ቢሆንም ምላሷ አልታጠፈም። «እሺ። ከዚያ በፊት ግን ይሄን እግር እጠግናለሁ» ብላ አልፋት ገባች።

አባቷ አቶ ሻምበል አገር ያወቃቸው ወጌሻ ነበሩ። ሰው ሆነ ከብት ተሰብሮ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማነው የሰበረ?» ብለው ነው። የሰበረ ይይዛል፤ ሕጋቸው ይህ ነበር። ሚስቱን በዱላ የመታ ባል ሳይቀር ክንዷን ይዞ፣ ጩኸቷን በጆሮው እየሰማ ያሳሻታል። እምቢ ያለውን «በል ወደ ሌላ ወጌሻ ሂድ» ይሉታል፤ ሌላ ወጌሻ በአቅራቢያው አልነበረም።

ዳሊያን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላ አገኘቻት።

«ተነሺ፣ ያላ።»

«አልመጣም! ፈራሁ!»

«በጉም ፈርቷል። እሱ ግን የሚጠቀለልበት ብርድ ልብስ የለውም። ተነሺ!»

እጇን ይዛ አወጣቻት። ከማንጎ ሳጥን ሁለት ቀጭን ጣውላ ነቀለች፤ አሮጌ አንሶላ ቀደደች። የበጉን ራስ ዳሊያ ጭን ላይ አስቀምጣ አጥንቱን በጣቷ ፈለገች። ስታቃናው በጉ ቃተተ፤ ልጅቷም አብራው ጮኸች፤ ግን አልለቀቀችም።

«ልቡ በጣም ይመታል» አለች ዳሊያ እያለቀሰች።

«ያንቺስ?»

«የኔም።»

«በይ፣ አጥብቀሽ ያዢ።»

ገና አስረው ሳይጨርሱ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ኦስማን ገብቶ በጉን አየና ክው አለ። ማናል ቀድማ፣ «ጸሐይ እኮ ገመዱን…» ስትል፣ ዳሊያ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አቋረጠቻት።

«እኔ ነኝ፣ ባባ። ጋልቤው ነው። ጸሐይ አልነበረችም።»

ኦስማን ልጁን አየ፣ ሚስቱን አየ፤ ማናል ዓይኗን ሰበረች። «አንካሳ በግ ለመሥዋዕት አይሆንም» አለ በመጨረሻ በንዴት። «ሌላ ፍለጋ ልሂድ ነው በዚህ ሰዓት! ይሄኛውን ባለ ሉካንዳው ይውሰደው።»

«አይወስደውም» አለች ጸሐይወርቅ።

ቋጠሮውን ማጥበቋን ሳታቋርጥ ቀጠለች።

«በአንድ ወር ይገጥማል። የሰበረችው ልጅ ታጠጣዋለች፣ ታበላዋለች፣ ከሥሩ ትጠርጋለች። አሁን አስወጥተን ብንገላገለው የምትማረው ጥፋት በመኪና ተጭኖ እንደሚሄድ ነው። ነገ ድመት ትሰብራለች፤ ከነገ ወዲያ ሰው።»

«በቤቴ አንቺ ነሽ አዛዧ?»

«በሌላው ሁሉ እርስዎ ነዎት፣ ኡስታዝ ኦስማን። በዚህ እግር ግን እኔ ነኝ።»

ኦስማን ቁልፉን አንስቶ ወደ በግ ተራ ሄደ። እሺም እምቢም አላለም። ጸሐይወርቅ ያልተከለከለ ተፈቅዷል ብላ ቋጠሮዋን ጨረሰች፤ ከዚያም ጓዳ ገብታ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

በማግስቱ ከኢድ ሶላት መልስ ዘመድ ተሰበሰበ። አዲሱ በግ መሐል ግቢ ቆሟል፤ አንካሳው ጥግ ላይ ተኝቷል። ኦስማን እንደ ልማዱ እዚያው በጎቹ ፊት ቢላውን መሳል ጀመረ። ዳሊያ የኢድ ቀሚሷን እንደለበሰች ባልዲ ይዛ መጣችና በአባቷና በአዲሱ በግ መካከል ቆመች።

«ባባ፣ በጉ እያየህ ነው እኮ! ቢላ ፊቱ አይሳልም። በትምህርት ቤት አስተምረውናል፤ ለፈተናም በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ደግሞ መጀመሪያ ውኃ ይጠጣል።»

«ዞር በዪ፣ ያ ቢት፣ ልጄ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አልዞርም።»

እንግዳው ሁሉ ወደ ጸሐይወርቅ ዞረ። እሷ ግን ይህን አላስተማረቻትም። ሃይማኖቱ የእነሱ፣ ትምህርቱም የእነሱ ነው፤ ልጅቷ በወረቀት የነበራትን በጭኗ ይዛ ስላወቀችው ነው። ጸሐይወርቅ በኩራት እንባዋ መጣ። አልደበቀችውም።

ኦስማን ቢላውንና ሞረዱን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። በጉ እስኪጠግብ ጠጣ።

ማናል ኩሽና ገብታ እንደ ቆመች ቀረች። የሻንጣውን ጫፍ በጓዳው በር አይታዋለች። «መቼ ልትሄጂ ነው?» አለች፤ ድምጿ የትናንቱ አልነበረም።

ጸሐይወርቅ ከፉሏ ቀና አላለችም።

«በጉ በአራት እግሩ ሲቆም» አለች፤ «ያኔ ልሂድ ልቅር ልጅሽን ጠይቂያት።»