የኦይቫ ሽጉጥ ወደ ፋብሪካው

ቬርና ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልላ ወደ ሬይኖ የጦር መሣሪያ መደብር የሄደችው ልጇ ዳሪል ከአልጋው ሳይነሳ ነው። ባሏ ኦይቫ ከሞተ ወዲህ ማልቀስ ትታለች፤ እንዲያውም እንባው ራሱ ትቷታል ማለት ይሻላል። ባለፈው ክረምት አባትና ልጅ ዓሣ ሊያጠምዱ በረዶ የለበሰው ሐይቅ ላይ ወጡ፤ በረዶው ተሰነጠቀ፤ ልጁ ተረፈ፤ አባቱ ሰምጦ ቀረ። ሰው ሲጠይቃት በዚሁ አጭር ቃል ነው የምትመልሰው።

አሁን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። ዳሪል ከጣውላ ፋብሪካው ሥራ ቀርቷል። ምግብ ሲቀርብለት ይነካካና ይተወዋል። ሰሞኑን ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ደግሞ የአባቱን አሮጌ ሽጉጥ ጭኑ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። "እያጸዳሁት ነው" አላት። አጠገቡ ዘይትም ጨርቅም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በር በተዘጋ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ድሮም ክፉ ክፉውን የምታስብ ሴት ናት። አሁን ግን ፍርሃቱ እንኳ ራቅ ብሎባታል፤ ጎረቤት ቤት አንሺ አጥቶ እንደሚጮህ ስልክ።

በእነሱ መንደር የሰውን መሣሪያ መቀማት ሰውየውን በአደባባይ እንደመስደብ ነው። ደግሞስ "ስጠኝ" ብትለው "ለምን?" ይላታል፤ ለምን እንደሆነ ከአፏ ማውጣት ደግሞ አልሆነላትም። ስለዚህ ዘዴ ፈለገች። ሽጉጡን የሠራው ፋብሪካ አሮጌዎቹን ተቀብሎ እንደሚያድስ ሰምታለች። እዚያ ብዙ ይቆያል።

ሬይኖ ፎጣውን ገለጠና የሽጉጡ ተሽከርካሪ ከበሮ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አይቶ ምኑ እንደተበላሸ ጠየቃት። ምንም አልተበላሸም፣ ብረቱን አጥርተው እንደ አዲስ እንዲያጠቁሩት ነው የምፈልገው አለችው። ሬይኖ መነጽሩን አወለቀ። እዚያ አገር አዳኝ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አሮጌ ሽጉጥ አይነካም። የቆዳ አፎቱ ለዓመታት ያሻሸው ገጽ ክብሩ ነው፤ እንደገና ያጠቆረው ሰው ሽጉጡን ገድሎታል። ኦይቫ ራሱ በዚህ ነገር ከገዛ ወንድሙ ጋር አንድ በጋ ሙሉ ተኳርፏል።

ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሳቅ አለና፣ "ኦይቫ ይህን ቢሰማ ዋኝቶም ቢሆን ይመጣ ነበር" አለ። ወዲያው ያለውን ነገር ራሱ ሰማውና አንገቱን ደፋ።

ሬይኖ ሊያስተዋት ሞከረ። ሞላውን ቀይሮ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በአንድ ቀን ሊያስረክባት እንደሚችል ነገራት።

"አንድ ቀን አይበቃኝም" አለች።

ሬይኖ ቀና ብሎ አያት።

"ፋብሪካው ወረፋ አለበት" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እስከሚመጣው በጋ ይቆያል። ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።"

"ይለፍ።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ሽጉጡን በስፖንጅ ከቦ ሣጥን ውስጥ አስገባው። ወደ በሩ ስትሄድ፣ "ቬርና፣ እንዳይቸኩሉ እነግራቸዋለሁ" አላት።

ቤት ስትደርስ ዳሪል ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። ድንች እየላጠች፣ መንገዱን ሙሉ ስታጠናው የመጣችውን ነገረችው፤ የአባቱን ሽጉጥ ለልደቱ ስጦታ አድሰው እንዲልኩላት ወደ ፋብሪካው ሰድዳዋለች፤ ብረቱን ያጠቁሩታል።

"ልታስጠቁሪው?" አለ። "እማዬ፣ አባዬ እኮ በዚህ ነገር ከአጎቴ ጋር ተጣልቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ" አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥያቄ ጠፋ። "መቼ ይመለሳል?"

"ይቆያል።"

ተነስቶ ወጣ። ውጭ የፒካፕ መኪናው በር ሲከፈት ሰማች። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። መሮጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን አልሮጠችም። የቤቱ በር ተከፈተና ዳሪል የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃውን ይዞ ተመለሰ። ጥይቱን አራግፎ ድንች ልጣጩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። የአደኑ ወቅት በሚቀጥለው ሳምንት ይከፈታል፤ በዚያ ሰሞን ጠመንጃውን ለሌላ ሰው አስረክቦ የሚቀመጥ ወንድ በዚያ ወረዳ የለም።

"ይኼስ ምን ሆነ?" አለችው።

"ምንም። ጭረት የለበትም።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሬይኖ ጋ ይቀመጥ። ግን እማዬ፣ ብቻዬን ይዤው አልሂድ። አብረን እንሂድ።"

ቬርና እጇን ታጠበች። ልቧ ውስጥ የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ካፖርቷን ለበሰች፣ ጠመንጃውን ራሷ ተሸክማ የመኪናዋ የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስገባችና ቆለፈችበት።

"ቀበቶህን እሰር" አለችው፣ ሞተሩን እያስነሳች።