የኮሪያ ችሎትና የዱዓሌ ፍየሎች

ሀብተ ማርያም ስለ ኮሪያ ሕግ የሚያውቀውን ያህል ስለ አገሩ ሕግ አያውቅም፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ከምድር ባቡር ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ መጋረጃዋን ጥላ ስትተኛ እሱ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። ድራማዎቹ የአማርኛ ድምፅ የተሰጣቸው ናቸው። ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ዳኛውና ነፍሰ ገዳዩ አንዳንዴ በአንድ ሰው ድምፅ ይናገራሉ። ሀብተ ማርያም ለምዶታል፤ ማን በማን ላይ እንደሚፈርድ በፀጉር አቆራረጣቸው ይለያል።

ሐሳቡን ማንም ባይጠይቀውም ይናገራል። በዚያ አገር ሰው የሚገደለው ዝናብ ሲዘንብ ነው፤ ድሬዳዋ ቢሆን ነፍሰ ገዳዩ የደቻቱ ወንዝ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት፤ እስከዚያ ንዴቱ ይበርድለታል። የኩባንያው ሊቀ መንበር በደህናው ቀን ጎልፍ ይጫወታል፣ የተከሰሰ ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ይመጣል። የአቃቤ ሕጎቹ አለቃ ፊቱን ለመስኮት፣ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ከተናገረ ጉቦ በልቷል። በመጀመሪያው ክፍል ለአሮጊት ዕቃ የተሸከመ ሰው ካለ ደግሞ መርማሪ አያስፈልግም፤ ገዳዩ እሱ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሀብተ ማርያም ከድራማ ውጭም ስለሚጠቀምባት፣ የሰፈሩ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ላግዝዎት» ሲለው በጎሪጥ ያየዋል።

ከሁሉ የሚወደው ግን የማስረጃውን አወጣጥ ነው። ጠበቃዋ አበቃላት ሲባል፣ ዳኛው ሊፈርድ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ያን ጊዜ ነው ማስረጃው የሚመጣው። «በጊዜ የወጣ ማስረጃ ማስረጃ አይደለም» ይላል ሀብተ ማርያም፣ «ወሬ ነው።»

ይህን ሁሉ የሚሰማለት ዱዓሌ ነው። ዱዓሌ የጂቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ ያረጀ ጎረቤቱ ነው፤ ግቢያቸውን የሚለየው ግንብ ላይ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍባት ትንሽ በር አለች። ዱዓሌ እንቅልፉን ጨርሶ፣ ሽርጡን አስተካክሎ፣ የሚስቱ የፈርዶውሳ ፍየሎች ወተት የገባበትን ሻይ በፔርሙስ ይዞ በዚያች በር ይመጣል። መጥቶም ይከራከራል።

«ወርያ ሀብቴ፣ የእነዚህ ሰዎች ችግር ምን መሰለህ? ሽማግሌ የላቸውም። ሽማግሌ ቢኖራቸው አሥራ ስድስት ክፍል ምን ያደርግላቸዋል? ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር።»

«ሰው ተገድሎ?»

«ሰው ተገድሎም! እኛ ቁጭ ብለን ነው የምንጨርሰው። እነሱ ይሮጣሉ። አየህ ሲሮጡ? ሊፍት እያለ በደረጃ!»

«ሊፍቱማ ገዳዩ ይዞታል።»

«እሱም ሽማግሌ የለውም» ይላል ዱዓሌ፣ ሻይ እየቀዳ።

እንዲህ ተስማምተው እየተጣሉ ሲኖሩ ሮቶው ተሰበረ።

የሀብተ ማርያም ሚስት በለጠች ውኃ በፈረቃ በመጣ ቀን እስከ አፉ የሞላችው ጥቁር ሮቶ በማግስቱ ጠዋት ባዶውን ተገኘ። ግቢው ጨቅይቷል። ጭቃው ላይ ደግሞ የዱዓሌ ፍየሎች በትንሿ በር ገብተው፣ የቀረችውን ውኃ እየላሱ ቆመዋል። በለጠች ፍየሎቹን አየች፣ ሮቶውን አየች፣ ነገሩ አለቀ።

«ወግተው ነው የሰነጠቁት። ዛሬውኑ ያቺ በር ትደፈናለች።»

«ቆይ እስቲ» አለ ሀብተ ማርያም። «ሬሳው አጠገብ የተገኘ ሰው ገዳይ ሆኖ አያውቅም። ስንት ድራማ አይቻለሁ፣ አንድም ቀን ሆኖ አያውቅም።»

«እኔ ኮሪያ አይደለሁም» አለች በለጠች፤ ሄዳም ናሲር ለሚባለው ግንበኛ ነገረችው፤ እሱ ግን የሚመቸኝ ቅዳሜ ነው አለ።

ሀብተ ማርያም ፈራ። እርግጥ ነው፣ በሯ ብትደፈን ዱዓሌ በመንገድ ዞሮ መምጣት ይችላል፤ እግር አለው። ግን በሩን ደፍነውበት ዞሮ የሚመጣ ጎረቤት የለም። ብቻውን ማየትንም ሞክሮታል። አንድ ጊዜ ዱዓሌ ለሠርግ ጅግጅጋ የሄደ ሰሞን ገዳዩን ከሁሉ ቀድሞ ዐወቀው፤ የሚነግረው ሰው ስላጣ ማወቁ ምንም አልጣመውም።

ስለዚህ ምርመራ ጀመረ። በለጠች ገበያ ስትወጣ ሮቶውን በጎኑ አስተኛና ከሥሩ አየው። ስንጥቁ እዚያ ነበር፤ ከታች፣ መሐል ላይ፣ እንደ ሸረሪት እግር ተበትኖ። ሮቶው ቆሞበት የነበረውን ቦታ ሲያይ ደግሞ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱ ጫፉ ሾሏል። ድንጋዮቹን የደረደረችው በለጠች ናት፤ ከፍ ሲል ውኃው ኃይል ይኖረዋል ብላ። «ያኛው ሾጣጣ ነው» ብሏት ነበር ያን ጊዜ። «አንተ ቴሌቪዥንህን እይ» ብላው ነበር።

ፍየል ከሥር አትወጋም። ሀብተ ማርያም ስልኩን አውጥቶ ስንጥቁንም ድንጋዩንም ፎቶ አነሣ። የዚያኑ ዕለት ለሚስቱ ቢያሳያት ነገሩ በጓዳ ይቀር ነበር፤ ይህ አልጠፋውም። ነገር ግን ዱዓሌ ሽማግሌ ጠይቆ ቅዳሜ ጠዋት ይቀመጣል ተብሎ ሲነገረው ልቡ ዘለለ። ዕድሜውን ሙሉ አንድም ችሎት ላይ ቆሞ አያውቅም። ፎቶውን ለመጨረሻው ሰዓት አስቀመጠው።

ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፦ የምድር ባቡር ባልደረባው የነበሩት ጋሽ ኃይለየሱስና ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ገዲ። ዱዓሌ በንጹሕ ሽርጥ መጣ። ፈርዶውሳ ትንሿ በር ላይ ቆመች፤ ግማሽዋ በዚህ ግቢ፣ ግማሽዋ በዚያኛው። ናሲር ደግሞ ፍርዱን ሳይጠብቅ ከግንቡ ሥር ሲሚንቶውን ያቦካል። በለጠች ቀጥራዋለችና።

«ነገሩን ለእኛ ሰጥታችኋል?» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ።

«ሰጥተናል።»

«እንግዲህ በለጠች፣ አንቺ ጀምሪ።»

በለጠች ጀመረች። ሀብተ ማርያም ሚስቱ እንዲህ መናገር እንደምትችል ቢያውቅም በሽማግሌ ፊት ሰምቷት አያውቅም ነበር። ፍየሎቹ አምና የበሉትን አንሶላ፣ ዘንድሮ የነቀሉትን ቃሪያ፣ ሁሉንም በየተራው አስገባች። ሀብተ ማርያም በልቡ «ጎበዝ አቃቤ ሕግ» አለ። ስልኩን በኪሱ ዳበሰ። አሁን ዱዓሌ ይክዳል፤ በለጠች ታፋጥጠዋለች፤ ሽማግሌዎቹ ይጨነቃሉ፤ ያን ጊዜ እሱ ይነሣል።

«ዱዓሌ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ ሐጂ ገዲ።

ዱዓሌ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ምን እላለሁ? ያለችው ሁሉ ልክ ነው» አለ።

ናሲር እንኳ አካፋውን አቆመ።

«ፍየሎቹ የኛ ናቸው። ሰበሩ ከተባለ ሰብረዋል። ሮቶ አመጣለሁ። ፍየሎቹንም መልካ ጀብዱ ለወንድሜ እሰዳቸዋለሁ፤ እዚያ ሜዳ አለ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፣ በሯን ተዉልኝ።»

ፈርዶውሳ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነበር። ዱዓሌ ቀና አላለም።

«አላህ ይስጥህ! እንዲህ ነው ሰው» አሉ ሐጂ ገዲ፤ ፀሐይዋን ሰረቅ አድርገው አዩና ደስታቸው ጨመረ።

ሀብተ ማርያም ደነገጠ። በኮሪያ ያላጠፋውን አጠፋሁ የሚል ሰው ልጁን ለማዳን ነው፤ ወይም ካንሰር ይዞታል። ዱዓሌ ጤነኛ ነው። ልጆቹም በየቤታቸው ናቸው። ሊያድን የፈለገው ያቺን የምታስጎነብስ በር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በስንትኛው ክፍል እንደሚመጣ ሀብተ ማርያም አያውቅም ነበር።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለና ተነሣ።

«ሀብቴ» አሉ ሐጂ ገዲ፣ «ፀሐይዋን አይተሃታል?»

«አጭር ነው፣ ሐጂ።»

«ሰውየው ካመነ ምን ይጠየቃል?» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ፤ እሳቸውም ከዘራቸውን ይዘዋል።

ሀብተ ማርያም ስልኩን አወጣ። ያን ጊዜ በለጠችን አያት። እሷ ዱዓሌን አታይም፤ ሽማግሌዎቹንም አታይም። ሮቶውን ነው የምታየው። ሮቶው በጎኑ ተኝቷል፤ እሱ ሲተወው ሥሩ ወደ ግቢው ዞሮ ነበር፤ አሁን ወደ ግንቡ ዞሯል። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። ሾጣጣውም ድንጋይ ከቦታው የለም። ሚስቱ ታውቃለች። ምናልባት ከእሱ በፊት ዐውቃ ይሆናል።

የኮሪያ አቃቤ ሕግ ተከሳሹን ረትቶ ባዶ ቤቱ ይገባል፣ ፓስታ የሚመስል ነገር በፕላስቲክ ጎድጓዳ በፈላ ውኃ ዘፍዝፎ ይበላል፣ ይተኛል። ሀብተ ማርያም ግን ተከሳሿን ቢረታ የሚገባው እሷው ቤት ነው። ይህን በድራማው ማንም አስጠንቅቆት አያውቅም።

ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ ደግሞ ዱዓሌ መሬት መሬቱን ያያል፣ ፈርዶውሳ በሯ ላይ ቆማለች።

«ፍየሎቹ አይሄዱም» አለ።

«ለምን?» አሉ ሐጂ ገዲ።

ለምን እንደሆነ አላዘጋጀም። «ወተቱን ለምጄዋለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ናሲር ሳቀ። ዱዓሌ ቀና አለ። ፈርዶውሳ ግን አልሳቀችም፤ በለጠችን ነው ያየቻት። ባለፈው ክረምት በለጠች በወባ ወድቃ ሳለ ይህችው ሴት በዚችው በር እያጎነበሰች ትኩስ ወተት ታመላልስላት ነበር።

በለጠች ነጠላዋን አጣፋች።

«እኔ ፍየሎቹ ይሂዱ አላልኩም» አለች።

«ሮቶውን ሰብረዋል ብለሽ የለም እንዴ፣ እህቴ?» አሉ ሐጂ ገዲ።

«ሮቶው...» አለችና ቆመች። «ሮቶው ያረፈበት ቦታ ደህና አልነበረም። ድንጋይ ነበረበት። ፍየሎቹ ውኃው ሸቷቸው ነው የመጡት።»

ድንጋዩን ማን እንዳስቀመጠው አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም። ሽማግሌ ለዚህ ነው የሚጠራው። ጋሽ ኃይለየሱስ ኒሟን ቀና ብለው እያዩ፣ «የድሬዳዋ መሬት መች ደልዳላ ሆኖ ያውቃል» አሉ። ሐጂ ገዲ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» አሉ። ጥፋቱ በከተማው ላይ ተደመደመ።

«እትዬ በለጠች» አለ ናሲር፣ «ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው። በሯን ልጀምር?»

«የምን በር? ና ወዲህ፣ ለሮቶው መቀመጫ ሥራልኝ። ልሙጥ አድርገህ! እንቁላል ቢያስቀምጡበት እንዳይንከባለል።»

«የተሰነጠቀውንስ?» አለ ዱዓሌ።

«ታይዋን ሰፈር ፕላስቲክ የሚበይድ ሰው አለ፣ አንተ አይደለህ የነገርከኝ? ተሸክመህ ትወስደዋለሃ።»

«እወስደዋለሁ።»

ሐጂ ገዲ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ኃይለየሱስ አሜን አሉ፣ ሁለቱም ሙቀቱ ሳይጠና ወጡ። ምሳ ገና አልደረሰም ነበር።

ከምሳ በኋላ ዱዓሌ እንደ ልማዱ አጎንብሶ መጣ። ድራማው ጀምሯል። ሀብተ ማርያም ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ሲያሳክከው ስለዋለ ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም።

«አንተ፣ ፍየሎቹ እንዳልሰበሩት ታውቅ ነበር?»

«ሲነጋ እኮ ነው የፈታኋቸው። ውኃው ያን ጊዜ ፈሶ አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አመንክ?»

«አቦ፣ ብከራከራት ትረታኝ ነበር። በለጠችን ማን ረትቶ ያውቃል? አንተ ረትተሃት ታውቃለህ?»

ሀብተ ማርያም ጥያቄውን ዘለለው። «እኔ ማስረጃ ነበረኝ» አለና ስልኩን ሰጠው። ዱዓሌ ፎቶውን አራቀው፣ አቀረበው፣ አዞረው።

«ጥሩ ማስረጃ ነው። ለምን አላወጣኸውም?»

«ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ደግ አደረግህ» አለ ዱዓሌ። «አጥፋው፤ እሷ ታየዋለች።»

አጠፋው። ትንሽ ቆጨው፤ የሚያምር ፎቶ ነበር። ቀና ሲል ዳኛዋ ለመፍረድ ተነሥታለች፣ ሊቀ መንበሩ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ጭምብሉን አጥልቋል፣ የሟቹ እናት መሐረቧን ይዛለች። ዳኛዋ አፏን ከፈተች። መብራት ጠፋ።

የአየር ማራገቢያውም አብሮ ቆመ፤ ሙቀቱ ወዲያው ገባ። በለጠች ከጓዳ ወጥታ ወደ ግቢው ያለውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ ትንሿንም በር ፈርዶውሳ ከወዲያ በኩል ስትከፍታት ተሰማ። ከዱዓሌ ግቢ የሚመጣ ትንሽ ነፋስ፣ ፍየል ፍየል የሚል፣ ሳሎኑን አቋርጦ አለፈ።

«ሃያ ዓመት ትፈርድበታለች» አለ ሀብተ ማርያም።

«ወላሂ ነፃ ትለቀዋለች። ወንበሩን አላየህም?»

«ማነው እሱ?» አለች በለጠች። ከድራማው አንድም ክፍል አይታ አታውቅም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ እያራገበች ነው። «ማንን ነው የገደለው?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ክፍል ጀመሩላት።